«መድረኩን ትተው ለምን መጡ?»፦ የፒያኖ ጥያቄዎቻችሁ

ፒያኖ ተጫዋችና አስተማሪ ነኝ። ባለፈው እትም ስለ ፒያኖ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። አንዳንዱ በእጅ ተጽፎ በልጅ ተልኮ መጣ። አንዳንዱ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሁለቱን ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቁኝ። ሁሉንም እዚህ መመለስ አልችልም፤ ብዙ ሰው የሚጋራቸውን መርጫለሁ። ስም አላወጣም። ጠያቂዎቼን በሰፈራቸውና በሥራቸው ነው የምጠራቸው።

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጎቷ ከአዲስ አበባ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ አመጣላት። ከእሱ አትለይም። ዋናው ፒያኖ ካልተገዛላት ዋጋ የለውም ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ ነገ እንጀራ ይሆናታል?»
እናት፣ ከሽምብጥ

እህቴ፣ ኪቦርዱ ለጊዜው ይበቃታል። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር። ጀማሪ ልጅ ግን ሁለት ሦስት ዓመት የምትጫወተው መሃል መሃሉን ነው። ዳርና ዳሩ ይደርስላታል።

ቁጥሩን ተይውና ይሄን ፈትሺ። አንዱን ቁልፍ በቀስታ ተጫኚው። ከዚያ ያንኑ በኃይል ተጫኚው። ድምፁ ከተለወጠ ጥሩ ኪቦርድ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ልጅሽ ዋናውን ነገር ሳታውቅ ትቆያለች። «ፒያኖ» በጣሊያንኛ «በቀስታ» ማለት ነው። ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ የሚባል ሰው በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ፍሎረንስ ከተማ ሲሠራው፣ በቀስታም በኃይልም የሚጫወት መሣሪያ ተብሎ ነበር የተጠራው። ከእሱ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን የሚነቁር ነበር። ቁልፉን ዳበስሽውም መታሽውም ድምፁ ብዙም አይለወጥም። ክሪስቶፎሪ ግን ትንሽ መዶሻ አስገባበት። ጣትሽ በገፋው ልክ መዶሻዋ ክሩን ትመታለች። የኛ ሙያ በሙሉ ከዚያች መዶሻ ነው የሚጀምረው።

አንድ ሌላ ነገር። ኪቦርዱን አልጋ ላይ አድርጋ እንዳትጫወት። ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ስትቀመጥ ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። እግሯ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ ዱካ አድርጊላት። መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥ። እኔ መብራት ሲጠፋ ኪቦርድ ላይ ያሉትን ልጆች ጠረጴዛውን በጣታቸው እየነኩ ዜማውን በአፋቸው እንዲሉት አደርጋለሁ። ጣቷ የሚሄድበትን አፏ ከዘፈነው፣ ትምህርቱ ገብቷታል።

የእንጀራውን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ሌላ ሰው በሌላ በኩል ጠይቆኛል።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው አሮጌ ቋሚ ፒያኖ ገዛሁ። ጣና ፊት ለፊት ባለው ሳሎን አስቀምጬዋለሁ። ክረምት ሲገባ አንዳንዱ ቁልፍ ከተጫኑት አይመለስም። ድምፁም ተዛብቷል። ተበላሸ ማለት ነው?»
ከቀበሌ 14

ጋሼ፣ አልተበላሸም። የኔም እንዲሁ አስለቅሶኛል።

የኔ ፒያኖ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ነው የመጣው። በፍራሽና በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤ በገመድ ከጎንና ከጎን አሰርነው። አባይ በረሃን ስንወርድ ጋቢና ውስጥ ሆኜ እያንዳንዷን መንገጫገጭ ቆጥሬያታለሁ። ደጀን ላይ አስቁሜ ወረድኩና በብርድ ልብሱ ሥር እጄን አስገብቼ ዳበስኩት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር ሲገባ አንድም ክር አልተበጠሰም። ቅኝቱ ግን እንዳልነበረ ሆኗል። ሁለት ሳምንት ሳልነካው ተውኩት። እንጨት የመጣበትን አየር መልመድ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክሮቹ ጀርባ ሰፊና ስስ ጣውላ አለ። ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ሲያብጥ ክሮቹን ይወጥራቸዋል፤ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ድምፁ ይወርዳል። ቁልፎቹ አልመለስ የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። እንጨቱም፣ ቁልፉ የሚንሸራተትበት ትንሽ የሱፍ ጨርቅም ያብጣል። እዚህ እኛ የተቀመጥነው ሐይቅ አፍ ላይ ነው። የጣና ነፋስ ለሰው ጤና ነው፤ ለፒያኖ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከመስኮቱ ያንሱት። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይውሰዱት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ። ፀሐይ አይምታው። ቡና የሚፈላበት ከሰል ሌላ ጥግ ይሁን። ክዳኑ ላይ የአበባ ውሃ አይቀመጥ። ውስጡ ያለውን ሱፍ ብልም አይጥም ይወደዋልና አልፎ አልፎ ከፍተው ይዩት።

መቃኘቱን ግን በመፍቻ ራስዎ እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ። ፒያኖ ውስጥ ወደ 230 የሚጠጉ ክሮች አሉ። የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ150 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከውስጥ ያለው የብረት አካሉ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ቁልፎች አንድ አንድ ክር አላቸው፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሁለት፤ ከመሃል ወደ ላይ ያሉት ሦስት ሦስት። ሦስቱ ክሮች አንድ ድምፅ መሆን አለባቸው። አንዷ የፀጉር ያህል ከወረደች ድምፁ ይርገበገባል። ወደዚህ ስመጣ የሚቃኝልኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ራሴ ተማርኩ፤ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በሰከንድ 440 ጊዜ ከሚርገበገበው ከመሃሉ «ላ» እነሳለሁ። ሌላውን ሁሉ ከእሱ እየለካሁ በጆሮዬ አስተካክላለሁ።

ያን ጊዜ ነው የአማርኛችን ቃል የገባኝ። የክራርን ክር ማስተካከል መቃኘት ነው። ትዝታና ባቲም ቅኝት ናቸው። ክሩን ማስተካከልና የዜማውን መንገድ መምረጥ እኛ ዘንድ ከአንድ ቃል ነው የሚወጡት። ኖታ ስማር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ትምህርቶች ሆነው ነበር የመጡልኝ።

ጥቅምት ላይ እርጥበቱ ሲያልፍ ይጻፉልኝ፤ መጥቼ አየዋለሁ። አሁን ዝናቡ እያለ ቢቃኝ ለበጋው አይሆንም።

«ሆቴል ውስጥ በሳምንት አምስት ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ የቀኝ እጄ አንጓ ያቃጥለኛል። ጠዋት ጠዋት ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች። ሥራዬን እንዳላጣ ለማንም አልተናገርኩም።»
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

ወንድሜ፣ ያንተን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። መደንዘዝ በራሱ ያልፋል ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ ብትነሳ ደስ ይለኛል።

የኔን ልንገርህ። ተማሪ እያለሁ፣ ለፈተና ስዘጋጅ በቀን ሰባት ሰዓት እለማመድ ነበር። ሲያመኝ ለአንድ መምህር ነገርኩ። «ሕመሙን አልፈሽው ሂጂ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ጥንካሬው» አለኝ። አመንኩት። ከአንድ ወር በኋላ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ሊጥ ማሸት አቃተኝ። አራት ወር ሙሉ ፒያኖ አልነካሁም። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሕይወቴ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሮበርት ሹማን ወጣት ሳለ ቀኝ እጁ ተጎዳበትና የፒያኖ ተጫዋች የመሆን ሐሳቡን ተወ። የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። የጻፈውን በየአገሩ እየዞረች ለሰው ያሰማችው ሚስቱ ክላራ ናት። ስምንት ልጆች ወልዳ ነው ያንን ሁሉ ኮንሰርት የተጫወተችው። እኔ በሥራ የደከመኝ ቀን እሷን አስባለሁ።

ከሕመሜ የተማርኩት ይሄ ነው። ፒያኖ በጣት ጉልበት አይመታም። የክንድህ ክብደት በጣትህ በኩል ወደ ቁልፉ ይወርዳል እንጂ ጣት ብቻውን አይሠራም። ትከሻህ ወደ ጆሮህ ከወጣ፣ ወይም አንጓህ ከቁልፉ በታች ከተሰበረ፣ ክብደቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ጅማትህ ብቻውን ይጎትታል። ሆቴል ውስጥ ያለው የኪቦርድ ማቆሚያ ለማን ቁመት እንደተሠራ ማን ያውቃል። ነገ ማታ ቁመቱን ቀይረው። በየ25 ደቂቃው እጅህን አንሳ። ለአለቃህም ተናገር። የሚያርፍ ተጫዋች ይመለሳል፤ ደብቆ የሚጫወት ግን ላይመለስ ይችላል።

እጄ እስኪድን አራቱን ወር ኖታ እያነበብኩ አሳለፍኩ። ዝም ብዬ በዓይኔ እያነበብኩ በውስጤ እሰማው ነበር። ስመለስ ጣቴ ደክሞ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ከበፊቱ በጣም የተሻለ ነበር።

«ዲያቆን ነኝ። ዜማ የተማርኩት ዘጌ ነው። አሁን ከተማ ገብቼ ፒያኖ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ የዜማ ጆሮህን ያበላሽብሃል ይሉኛል። የኛ ዜማ በፒያኖ ይወጣል?»

ወንድሜ ዲያቆን፣ የወሩ ምርጥ ጥያቄ ያንተ ነው። ቀስ ብዬ ልመልስልህ።

ፒያኖ ያለበት ቦታ ስትደርስ ነጮቹን ተዋቸው። ጥቁሮቹን ብቻ ተመልከት። ሁለት ሆነው፣ ከዚያ ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ በስተግራ ካለው ተነስተህ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፎችን በተራ ንካ። ምን ሰማህ? ትዝታ ነው። አሁን እነዚያኑ ጥቁሮች ይዘህ መነሻህን ከሁለቱ በስተቀኝ ካለው አድርግ። ባቲ ሆነልህ። ቁልፎቹ ያው ናቸው፤ ቤትህ ብቻ ተለወጠ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ከጥቁሮቹ ብቻ አይወጡም፤ ነጭና ጥቁር መቀላቀል አለብህ። ይህንን ለአዲስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አሳያለሁ። ፒያኖ የፈረንጅ ዕቃ ነው ብሎ ፈርቶ የመጣ ልጅ ፊቱ ሲፈታ ማየት እወዳለሁ።

ጓደኞችህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ፒያኖ አንዱን የድምፅ እርከን፣ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን፣ 12 ቦታ እኩል አድርጎ ይከፍለዋል። በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ በፒያኖ የለም። የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን ትንሽ ሲያንሸራትት ያገኘዋል። አንተም በጉሮሮህ ታገኘዋለህ። ርክርክን አስበው። ያ ድምፅ እየተንከባለለ የሚወርድበት መንገድ በቁልፍ ላይ ደረጃ ደረጃ ይሆናል እንጂ አይንከባለልም። በሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተማርከውን በፒያኖ ልክ አትመዝነው። ፒያኖው ስላላወጣው ስህተት አይደለም። እኔ የምመክርህ ጠዋት ዜማህን በል፤ ፒያኖውን ከሰዓት በኋላ ንካ። ሁለቱን በአንድ ሰዓት አትቀላቅላቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ ካደረግክ ጆሮህ ሁለት ቋንቋ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስላለው ነገር ግን እኔ የምናገረው የለም፤ እሱን መሪጌታህን ጠይቅ።

በፒያኖ የሚታወቁትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታውቃቸው ይሆናል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ እዚያ የተማሩት ቫዮሊን ነበር። በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። ትልቅ የመድረክ ሰው ሊሆኑ ይችሉ ነበር። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። ግሸን ማርያም ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ቆየት ብለው ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ደጅ የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎችን አዩ። አንተ የምታውቀውን ሕይወት ማለት ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሲወጣ ገቢውን ለችግረኞች ነው ያሰቡት። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ፒያኗቸውን ስማ። በቁልፎች መካከል የሌለውን ድምፅ በፍጥነት በሚነኩ ትንንሽ ድምፆች ከበው ያስመስሉታል። እኔ ይህንን በጣቴ ለማግኘት ዓመታት ሞክሬያለሁ።

ደግሞ አንተ ይዘኸው የምትመጣውን አትናቀው። አንድ የአብነት ተማሪ ነበረኝ። የመጀመሪያ ሳምንት ሁለት ገጽ የሚሆን ጨዋታ አንድ ጊዜ ተጫውቼለት በማግስቱ መልሶ ተጫወተልኝ። ኖታ አያውቅም። በቃል መያዝን ከልጅነቱ ስለለመደ ነው። የኮንሰርት ተጫዋች አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ሙዚቃ በቃሉ ይዞ ነው መድረክ የሚወጣው፤ እኔ ለዚያ ስንት ሌሊት አንግቻለሁ። እሱን ኖታ አስተማርኩት። እሱ ደግሞ ረጅም ነገር እንዴት እየተከፋፈለ በቃል እንደሚያዝ አስተማረኝ። እስከ ዛሬ በእሱ መንገድ ነው የምይዘው።

«22 ዓመቴ ነው፤ ፔዳ ግቢ ነው የምማረው። ፒያኖ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው። የኮንሰርት ተጫዋች ለመሆን ረፈደ?»

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በዓለም መድረክ ብቻቸውን የሚጫወቱት አብዛኞቹ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው የጀመሩ ናቸው። ዋርሶ ላይ በሙዚቃ ደራሲው በሾፐን ስም በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው የፒያኖ ውድድር ለወጣቶች ነው፤ 30 ዓመት ካለፈ በር ይዘጋል። ያንን መንገድ አስበሽ ከሆነ በጣም ጠባብ ነው።

ግን ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው። ፒያኖ የነካው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሮ በብዙ አገር መድረክ ተጫወተ። ሙዚቃ ውስጥ ያደገ ጆሮ ብዙ ዓመት ይክሳል። ያንቺ ጆሮ የት ነው ያደገው? ይህን ጻፊልኝና እንነጋገር። ዘፋኝ ማጀብ፣ ማስተማር፣ መቃኘት፣ ሁሉም የፒያኖ ሰው ሥራ ናቸው። ለእነዚህ 22 ዓመት ገና ማለዳ ነው።

«ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ኮንሰርት ሲጫወቱ አይቼዎታለሁ። ረጅም ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነበር። አሁን ባሕር ዳር ልጆች ያስተምራሉ ሲሉኝ አዘንኩ። መድረኩን ትተው ለምን መጡ? አይቆጭዎትም?»
ከጎርደማ

ቀሚሱን በማስታወስዎ አመሰግናለሁ። እናቴ ናት ያሰፋችልኝ።

ከሥሩ ልጀምር። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ ቁልፎቼ የቀበሌ ኪነት አኮርዲዮን ላይ ያሉት ናቸው። ትከሻዬ ላይ ይከብደኝ ስለነበር መሬት አስቀምጬ በቀኝ እጄ ብቻ እጫወተው ነበር። ያሬድ ለመግባት ስፈተን መምህሩ የተጫወተውን መልሼ እንድዘፍን፣ ያጨበጨበውን መልሼ እንዳጨበጭብ ጠየቁኝ። እውነተኛ ፒያኖ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ቁልፍ ነካሁና ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ። የሚቀጥለው ተፈታኝ እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተጫወትኩ። የኮንሰርት ሕይወት ከውጭ የሚታየው ሌላ ነው። ለእርስዎ 70 ደቂቃ ነበር፤ ለኔ የአራት ወር ልምምድ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች የራሱን ዕቃ ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን የማናውቀው ፒያኖ ፊት እንቀመጣለን። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ለሚጀመር ኮንሰርት 11 ሰዓት ላይ ደርሼ፣ በእግር ተረግጦ ድምፅን የሚያስረዝመው ፔዳሉ የሚንቋቋ፣ አንድ ቁልፉ የማይነሳ ፒያኖ አጋጥሞኛል። በግማሽ ሰዓት ጠባዩን ተምረህ ትወጣለህ። ከሽምብጥ የጻፍሽው እህቴ፣ ያንቺም መልስ እዚህ ነው፦ ከኮንሰርት በሚገኝ ገንዘብ ኖሬ አላውቅም። የቤት ኪራይ የከፈልኩት በሆቴል ምሽት ጨዋታ፣ ዘፋኞችን በማጀብና ቤት ለቤት በማስተማር ነው። ኮንሰርቱ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው።

ይህ የኛ አገር ድህነት ብቻ አይደለም። ሾፐን ፓሪስ የኖረው በማስተማር ነው። በሕይወቱ በሕዝብ ፊት የተጫወተው ወደ 30 ኮንሰርት ብቻ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ባርቶክ ቡዳፔስት ውስጥ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ25 ዓመት በላይ ፒያኖ አስተማረ። ቼርኒ የቤትሆቨን ተማሪ ነበር፤ ዝነኛውን ፒያኖ ተጫዋች ሊስትን ያስተማረው ደግሞ ቼርኒ ነው። ዲያቆኑ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። መሪጌታ ከመምህሩ የተቀበለውን ለደቀ መዝሙሩ ይሰጣል። ማስተማር ከመድረክ መውረድ ነው የሚባለውን እኔ አልቀበልም።

ግን ለማስተማር ብዬ አልመጣሁም። እናቴ ወደቀች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። ለሦስት ወር ብዬ መጣሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ፒያኖውን ያስመጣሁት ልምምዴ እንዳይጠፋ ነው። እናቴ ከጎን ክፍል ተኝታ ትሰማኛለች። ሙዚቃ ተምራ አታውቅም። አንድ ቀን አንድ የሚከብደኝን ቦታ በፔዳል ሸፍኜ አለፍኩት። ከአልጋዋ ሆና «ትናንት የዋጥሻትን ዛሬም ዋጥሻት» አለችኝ። ተነስቼ ሄድኩና አየኋት። ዓይኗ ተከድኗል። አዲስ አበባ ስንት መቶ ሰው ፊት ያንን ቦታ ሸፍኜ አልፌ አጨብጭበውልኛል። የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ያን ሳምንት ያችን አራት መስመር ብቻ ነው የተለማመድኩት። በቀስታ፣ ያለ ፔዳል፣ እጅ በእጅ።

የጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆማ መስማት የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ተማሪዬ ሆነች። አሁን 14 ተማሪዎች አሉኝ። ሁሉም አይከፍሉም። የአንዱ አባት ዓሣ አስጋሪ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ቆሮሶ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ከማስተማሩ፣ ከመቃኘቱ፣ አልፎ አልፎ ዘፋኝ ከማጀቡ ተደማምሮ እኖራለሁ። ትርፍ የለውም፤ ግን ቤቴ ጎድሎ አያውቅም። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳሎኔ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስገብቼ እኔም ተማሪዎቼም እንጫወታለን። መብራት ቢጠፋ ሻማ እናበራለን፤ ፒያኖው መብራት አይፈልግም።

አይቆጭዎትም ወይ ላሉኝ፣ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውቼ አላውቅም። ሌሊት አንዳንዴ እጄ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ኦርኬስትራው ከኋላዬ እንዳለ ሆኖ ይሰማኛል። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። እናቴ ከሞተች በኋላ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ብዬ ሻንጣ አዘጋጅቼ ነበር። የዚያን ጊዜ ስምንት ተማሪ ነበረኝ። አንዷ ፈተና ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ፈተናዋ እስኪያልፍ አልኩ። ከዚያ ሌላው ፈተና መጣ። ሻንጣውን አሁን የኖታ መጻሕፍት ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የአሥር ዓመቷ ተማሪዬ እየተጫወተች ድንገት አቆመች። ዝናብ አባርቶ መስኮቱ ተከፍቷል። የተሳሳተች መስሎኝ «ቀጥዪ» አልኳት። አልቀጠለችም። አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ነካች። ጆሮዋን ወደ እንጨቱ አስጠጋች።

«እትዬ፣ ይቺ ወርዳለች» አለችኝ።

እኔ አልሰማሁትም ነበር። ጠጋ ብዬ ነካሁት። ከሦስቱ ክሮች አንዷ፣ የፀጉር ያህል። የፊት ክዳኑን አነሳሁና መቃኛውን እጇ ላይ አስያዝኳት። እጄን በእጇ ላይ አድርጌ ቀስ ብለን አዞርን። ድምፁ መርገብገቡን እስኪያቆም ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት።

«ትንሽ ይቀራታል» አለችኝ።